በመጣህበት መንገድ

አባቴ ያሬድ ሆይ፣ ከስሜን፣ ከጊች አፋፍ ላይ ሆኜ እጠራሃለሁ። ጓሳው ባለቀበት ገደሉ ይጀምራል። ከገደሉ ሥር ቆላው ተዘርግቷል፤ ከቆላው ወዲያ ጠለምት፣ ከጠለምት ወዲያ ጭጋግ ነው። በጭጋጉ ውስጥ ተከዜ ይወርዳል። ከተከዜ ማዶ ሽሬ፣ ከሽሬ ወዲያ አክሱም። ዓይኔ እስከዚያ አይደርስም፤ ግን በዚያ በኩል እንደ መጣህ አባቶች ነግረውናልና ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ነው የምጠራህ። በምሥራቅ፣ ከቧሂት ወዲያ፣ ስምህን የተሸከመው ተራራ ቆሟል። አባ ያሬድ ይሉታል፤ ከፍታው 4460 ሜትር ገደማ ነው። ስምህ ለሕፃናት ወጣ፣ ለታቦት ወጣ፣ ለተራራም ወጣ። አንተ ግን የለህም።

ወዴት ገባህ? ስንክሳሩ ግንቦት 11 ቀን ያስብሃል፤ ወደ ስሜን ሄደህ፣ በጾምና በጸሎት ሥጋህን አድክመህ፣ ገድልህን በዚያ ፈጸምህ ይላል። አባቶች ደግሞ ተሰወረ ይላሉ እንጂ ሞተ ማለት አይወዱም። መቃብሩ ይኸውላችሁ ብሎ የሚያሳይ የለም። ስንት ዋሻ አለ በዚህ አገር! ዋልያ እንጂ ሰው የማይረግጠው ስንት ጠርዝ አለ! ከነዚያ በአንዱ ተቀምጠህ ይሆናል፤ ወይም ሁሉንም ትተህ ሄደህ ይሆናል። ለእኛ የቀረን ጉም በወረደ ቁጥር የሚሰወር ተራራና ሌሊት ሌሊት የምንቆምበት ዜማህ ነው።

ልጅነትህን አስባለሁ። በ6ኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ተወልደህ፣ በሕፃንነትህ አባት ሞቶብህ፣ በአጎትህ በጌዴዎን እጅ አደግህ። መዝሙረ ዳዊት አልገባህ አለ። ተመታህ፤ ኮበለልህ። ማይ ኪራሕ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጠህ ትሉን አየህ፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው የደረሰውን። የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። በወገራ ብርድ ደበሎውን ተከናንቦ የሚያድር፣ የልመና ቁራሽ ብቻ የቀመሰ፣ ዜማው አልያዝ ያለው ልጅ ያንን ትል ያስባል። እኔም አስቤዋለሁ። ያ ትል ስንቱን ልጅ ከኩብለላ መንገድ መለሰ!

የእኔ የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው ከመደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ዙሪያቸውን እንኮለኮላለን። አንዱ ገና ጾመ ድጓ ጀምሯል፤ ሌላው ምዕራፍ ይላል፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ጎልማሳ ድጓውን እየዘለቀ ነው። ሁሉም ጮክ ብሎ ስለሚል ድምፁ ይደበላለቃል፤ ከውጭ ለሚሰማው ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ያወጣሉ። "አንተ ልጅ! እሱ ቁርጥ አይደለም፣ ሒደት ነው፤ መልሰው!" መጽሐፍ አያዩም፤ ብራናው ያለው ከልጁ ጭን ላይ ነው። ቃሉ በጥቁር ተጽፏል፣ የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ። ከቃሉ በላይ፣ በመስመርና በመስመር መካከል፣ ጉንዳን የሚያካክሉ ምልክቶች ተሰልፈዋል። ይዘት አንዲት ነጥብ ናት፤ ርክርክ ነጠብጣብ ነው። ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ሒደት፣ ቁርጥ። ስምንቱ ያንተ ናቸው ይባላል፤ ድርስና አንብርን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ጨመሩ ይላሉ። ልጁ ስቶ ቀና ሲል የኔታ ራሳቸው ይሉለታል። ያ የደከመ ሽማግሌ አፉን ሲከፍት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ግእዙን ሲሉት ደረቱ ይሞላል፤ አራራዩን ሲሉት አንጀት ይላወሳል። ከሳቸው በፊት የሳቸው የኔታ፣ ከዚያ በፊት የዚያኛው፤ አፍ ከአፍ እየተቀበለ ወደ ኋላ ቢቆጠር ቢቆጠር ካንተ አፍ ይደርሳል። ይህን ሳስብ ነው ናፍቆቱ የሚብስብኝ። ድምፅህ እዚህ ደርሶ አንተ መቅረትህ!

ድጓ የሚማር ሰው መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ። ዓመታት ይፈጃል። ሲበቃ ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ደግሞ ዙር አባ ይወጣል። ዙር አባን አንተም ረግጠህዋል ይባላል፣ ጣና ቂርቆስንም እንዲሁ። በየደረስህበት ዜማ ትተህ ታልፍ ነበር። አንድም ቦታ ግን አልተቀመጥህም፤ መጨረሻህ ይህ ብርድ ሆነ።

የሚያብሰለስለኝ መዋሥዕትህ ነው። ድጓን ለዓመቱ በዓላት፣ ጾመ ድጓን ለዐቢይ ጾም፣ ዝማሬን ለቁርባን ስታበረክት ሙታንንም አልረሳህም፤ መዋሥዕትን ሰጠህ። ንጉሥ ቢሞት በዚያ ይሸኛል፤ ባላገር ቢሞት በዚያ ይሸኛል። ገና ላልተወለድን፣ እዚህ ደጋ ላይ ገብስ ዘርተን አጭደን ለምናልፍ ሁሉ የመሸኛችንን ዜማ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድመህ አዘጋጀህ። አንተን ግን ማን ሸኘህ? በጠለምት ያስተማርሃቸው ልጆች ከራስጌህ ቆመው ነበር? ወይስ ማንም ሳይኖር፣ በአንዱ ዋሻ ውስጥ፣ ለራስህ ራስህ ዘመርህ? አባቴ፣ ያ መዋሥዕት ቀርቶብህ ከሆነ ዕዳው በእኛ ላይ ነው። መቃብርህን ብናውቀው ኖሮ በየዓመቱ እየወጣን እንከፍልህ ነበር።

ወደዚህ የመጣህበት ምክንያት ደግሞ አለ። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ትዘምር ነበር። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን ከእግርህ ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩን ነቅሎ የምትሻውን ጠይቀኝ አለህ። ሌላ ሰው ጉልት ይለምን ነበር። አንተ ስንብት ለመንህ፤ ስሜን ገብቼ በጸሎት ልኑር አልህ። ቃል ወጥቶታልና ንጉሡ እያዘነ ለቀቀህ። በታቦተ ጽዮን ፊት ቆመህ ተሰናበትህ፤ አንቀጸ ብርሃን የዚያ ቀን ምስጋና ነው፤ ስትዘምርም ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለህ ታየህ ይባላል። ከዚያ ተከዜን ተሻገርህ።

በቆሰለ እግርህ! መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከሽሬ ወደ ተከዜ ሲወርዱ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ከወንዙ ሲወጡ ማይ ፀብሪ፣ ዓዲ አርቃይ፣ ዛሪማ፤ ከዚያ ሊማሊሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዛሬ መኪናው እንኳ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ያቃስታል። አንተ በየትኛው ዳገት ወጣህ? በየትኛው ምንጭ እግርህን አጠብህ? ቁስሉ ደጋ ሳትደርስ ደርቆ ነበር?

አንተ በዚህ ስታልፍ በወዲያኛው ዓለምም የአንተ ቢጤዎች ነበሩ። ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 እ.ኤ.አ. በኋላ ስለ ተለያየን ስማቸው በእኛ ስንክሳር አይገኝም፤ እኔ ግን አንተን ስፈልግ አግኝቻቸው ወደድኋቸው። ቤኔዲክቶስ እ.ኤ.አ. በ529 ገደማ በኢጣሊያ ሞንቴ ካሲኖ ተራራ ላይ ገዳሙን ተከለ። ኮሉምባ ተወልዶ ያደገበትን አየርላንድን በ563 ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አዮና የምትባል ትንሽ ደሴት ገባ። በ604 ያረፈው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዜማን ከርግብ ተቀበለ ይሉታል፤ ርግቢቱ ከትከሻው ላይ ሆና በጆሮው ስትነግረው በሥዕል ይታያል፤ የምዕራቡ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንተን ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት መጥተው ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱህ፤ ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ተማርህ። ያን ጊዜ ሮምና አክሱም ስለ ዜማ አልተመካከሩም። ሁለቱም ዘንድ ግን ወፍ አመጣችው።

እነሱ ግን አጥንት አላቸው። ጎርጎርዮስ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። የቤኔዲክቶስን አጥንት ሞንቴ ካሲኖና በፈረንሳይ ያለው የፍለሪ ገዳም እኔ ዘንድ ነው፣ እኔ ዘንድ ነው እየተባባሉ ዘመናት ተከራከሩበት። ከሁሉም ግን ከእነሱ በኋላ የተነሣው የከትበርት ነገር ልቤን ይነካዋል። በእንግሊዝ ሰሜን ጠረፍ ባሕር በከበባት በፋርን ደሴት ብቻውን ይኖር ነበር፤ የባሕር ዳክዬዎቹን ማንም እንዳይነካቸው ይጠብቃቸው ነበር ይባላል። በ687 አረፈ። በሊንዲስፋርን ገዳም ቀበሩት። በ793 ቫይኪንጎች በመርከብ መጥተው ገዳሙን ዘረፉ፤ ደም አፈሰሱ። በ875፣ አደጋው ሲመላለስባቸው፣ መነኮሳቱ የከትበርትን ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። አገር ላገር ተንከራተቱ። የተሸከሙት ሲያረጁ ተተኪዎቻቸው ተቀበሏቸው። በ995 ዱራም ላይ አሳረፉት፤ ዛሬም በዚያ አለ።

አባቴ ያሬድ፣ እኛ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ተሸክመን እንውጣ?

ይህን የምጠይቅህ በጊች ቆሜ ነው። እዚህ መንደር ነበር። ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ 2500 ሰው ይኖርበት ነበር። ገብስ ያርሱ ነበር፤ በግና ፈረስ ያረቡ ነበር። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ዋልያና ቀይ ቀበሮ ተመናመኑ ተብሎ ከአደጋ መዝገብ ገባ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለመውጣቱ ከተከፈለው አንዱ ጊች ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰዎቹ ከአምባው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ዳር ወረዱ። ዋልያው ይኑር፤ ይህን ተራራ ያለ ዋልያ ማየት አልሻም። የቤቶቹን ቦታ ሳይ ግን እንባዬ ይመጣል። ምድጃ የነበረበት ድንጋይ ጠቁሮ ቀርቷል። አውድማው ላይ ጓሳ በቅሏል፤ ጭላዳው ተቀምጦ ይነጫል።

የጊች ሰው ሙስሊም ነው። ማኅሌትህ ላይ አይቆምም፤ ተራራህን ግን በስምህ እየጠራ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት ወደዚያ እያየ ኖረ። ደባርቅ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ፣ "አባባ፣ ከጊች ምን ይናፍቅዎታል?" አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ "የእናቴ መቃብር ድንጋዩ ያዘነብላል። በየክረምቱ መለስ መለስ እያደረግሁ አቀናው ነበር። አሁን ማን ያቀናዋል?" አሉኝ። መኖሪያ ከተማ ተሰጥቷቸዋል፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይቀርባቸዋል፤ ይህን እሳቸውም ነገሩኝ። ግን እንደ ሊንዲስፋርን መነኮሳት ሙታንን ተሸክሞ መውረድ አልተቻለም። እሳቸው መቃብር አላቸው፣ ከመቃብሩ ተለይተዋል። እኔ ካንተ ተራራ ሥር አለሁ፣ መቃብርህን አላውቅም። የእሳቸው ይብሳል ወይስ የእኔ? ገበያው መካከል ቆመን ሁለታችንም ወደ ምሥራቅ አየን። ጉም ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ለመናገር ይከብደኛል፤ አለመናገሩ ግን ይብሳል።

አንተ በቆሰለ እግርህ የመጣህበት መንገድ በ2013 ዓ.ም. የጦር መንገድ ሆነ። ኅዳር ላይ፣ የጽዮን በዓል ዋዜማ፣ በተወለድህባት በአክሱም ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ ወጥቶ ከዳባት ብዙ በማይርቀው በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ባንተ መንገድ ሁለት ጫፍ። እናት እዚያም አለቀሰች፣ እናት እዚህም አለቀሰች። ለመዘመር ፋታ በተገኘበት ሁሉ ለሙታኑ የተባለው ያው ያንተ መዋሥዕት ነው። በተከዜ ወዲያም ያ ዜማ፣ በተከዜ ወዲህም ያ ዜማ፤ ያው ቃል፣ ያው ርክርክ፣ ያው ድፋት። የዚያኛውን ደብተራ አምጥተህ ከዚህኛው ማኅሌት ብታቆመው አንድም ምልክት አይስትም። ይህን የሚያህል አንድነት በጉሮሯችን ይዘን እንዴት እንዲህ ሆንን? የገብረ መስቀል ጦር ዜማ ሰምቶ ራሱን ረሳ፤ ደንግጦም ተነቀለ። የእኛው ጦር ማንን ሰምቶ ይደንግጥ?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ ከዚህ አገር አልራቀም። ቄሱ ሲቀድስ ድንገት ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ውጭ እንጥላለን፤ ነጎድጓድ መሆኑን ስናውቅ እንቀጥላለን። ዜማህን እንዲህ እያቋረጥን ነው የምንለው።

የዱሮው ሰው ሲያወራ ደስ ይለኝ ነበር። የአብነት ተማሪ አገር አይመርጥም ነበር ይላሉ። የአክሱም ልጅ አቋቋም ፍለጋ ጎንደር በዓታ ይወርድ ነበር፤ የወገራውም ልጅ መምህር አለ በተባለበት ሁሉ ይሄድ ነበር። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ተከዜን የሚሻገር ልጅ የማን ወገን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። የሚፈራው ውሻ ብቻ ነበር። በየደጁ ቆሞ ስለ ማርያም ሲል እናቶች ቁራሽ እንጀራ ያወጡለታል፤ የሰጠችውም ቋንቋው ከየት እንደሆነ ለመስማት አትቆይም፤ እሳት ላይ የጣደችው አለ። የኔታም ልጁን ሲቀበሉ ከየት መጣህ ከማለታቸው በፊት የት ደርሰሃል ይሉት ነበር፤ ምን ቁጥር ላይ ነህ፣ ጾመ ድጓ ዘልቀሃል? እኔ የምናፍቀው ያንን ጥያቄ ነው። ሰው ለሰው የሚያቀርበው ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ግንቦት 11 ሲመጣ ማኅሌት እንቆማለን። ከበሮው ይመታል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያች ሌሊት በአክሱምም እንዲሁ ይቆማል። ሊቃውንቱ አይተያዩም፣ አይጠራሩም፤ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ይላሉ። በመካከላቸው ያለው አንተ የተሻገርኸው ወንዝ ነው። አባቴ፣ በሁለቱ መካከል ቆመህ የምትሰማ ከሆነ የማንኛቸው ድምፅ ቀድሞ ይደርስሃል? ሁለቱንስ ስትሰማ ደስ ይልሃል ወይስ ታዝናለህ?

በል እንግዲህ ና። ስውራን ይመለሳሉ ሲባል ሰምቻለሁና አንተንም እጠብቅሃለሁ። ወፎቹ አያምጡህ፤ በሰማይ አትምጣ። በመጣህበት ና፣ በአክሱም በኩል፣ በሽሬ፣ በተከዜ፤ ያ መንገድ እግርህን ይፈልጋል። በጭና ስታልፍ ቆም በልላቸው፤ አክሱምንም ስትለቅ ቆም በልላቸው፤ ያልተዘመረላቸው አሉና ዘምርላቸው። ወደ ጊች ስትወጣ የዚያችን እናት ድንጋይ አቅናላቸው፤ ልጇ ደባርቅ ሆነው ይጠይቃሉ። ብቻህንም አትምጣ። ከወንዙ ማዶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ልሻገር አልሻገር እያለ የቆመ አንድ ልጅ ታገኛለህ። እጁን ይዘህ አሻግረው። ጾመ ድጓ ላይ ደርሶ ከሆነ ከዚያው እንቀጥልለታለን።